ቀንና ቁጥር የሌለው ክሬም

«በዚህ ቤት ድመቷ ክሬም መብላት ጀምራለች» አለች ጵርስቅላ፣ የቡላውን ገንፎ ጠረጴዛው መሐል እያስቀመጠች።

ቤቱ ውስጥ ድመት የለም። ኖሮም አያውቅም፤ ጵርስቅላን የድመት ፀጉር ያስነጥሳታል። ያን ቅዳሜ ጠዋት ጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ራሷ ጵርስቅላ፣ ባለቤቷ ዕንባቆም፣ እና ዓይኗን ልትታከም ከቦኖሻ ወደ ሆሳዕና የመጣችው የዕንባቆም ታላቅ እህት አበራሽ። ጵርስቅላ ነገሩን ወደ ማንም አላነጣጠረችም፣ ለገንፎው ነው የነገረችው። ግን ከሦስቱ አንዷ የክሬሙ ባለቤት ናት። አንዱ ደግሞ ሥልሳ ሁለት ዓመት የሞላው፣ ከመዝገብ ቤት ኃላፊነት በጡረታ የተገለለ፣ እሁድ እሁድ ከፊት ወንበር የሚቀመጥ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ስለዚህ ድመቷ ማን እንደሆነች ለማወቅ ዘጠነኛ ክፍል መድረስ አያስፈልግም። አበራሽ አንድም ክፍል አልተማረችም፣ ወዲያው ገባት። ማንኪያዋን ከሳህኑ ጎን አጋደመች፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ በሀዲይኛ «ጠግቤያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ወደ እንግዳ ክፍሉ ገባች። ገንፎው ላይ ያለው ቅቤ ገና ቀልጦ አላለቀም ነበር።

ዕንባቆም ባርኔጣውን ወደ ግንባሩ ዝቅ አደረገና የቅቤውን ጉድጓድ እያየ መብላቱን ቀጠለ።

ክሬሙን የጨረሰው እሱ ነው። ብልቃጡ ነጭ ነው፣ ክዳኑ ወርቅማ፤ ጵርስቅላ ለልጃቸው ለሀኒ ሠርግ ብላ፣ ዕቃ በቦርሳዋ እያመጣች ለመምህራን ከምትሸጥ የሥራ ባልደረባዋ የገዛችው ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ጵርስቅላ ሳሎን ተቀምጣ የተማሪ ደብተር በምታርምበት ሰዓት፣ ዕንባቆም መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ይቀረቅራል፣ ድምፅ እንዳይሰማ ቧንቧውን ይከፍታል፣ በሌባ ጣቱ ይቆነጥርና ከግንባሩ እስከ አገጩ ይለቀልቃል። የመጀመሪያው ሳምንት ተአምር ነበር። ጎረቤቱ «ጡረታ ተስማማዎት» አሉት፤ የባጃጅ ሾፌር «ፋዘር» ማለቱን ትቶ «ወንድሜ» አለው። በሁለተኛው ሳምንት ጉንጩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ ማብረቅረቅ ጀመረ። በሦስተኛው ቀላ፣ ተላጠ፣ ፀሐይ ባየ ቁጥር በርበሬ እንደተነሰነሰበት ያቃጥለው ጀመር። ሲጠየቅ «ምች መታኝ» አለ። ጵርስቅላ ከጓሮ ዳማ ከሴ ቀጥፋ አሽታ ፊቱ ላይ ጨመቀችለት። ጭማቂው የተላጠ ቆዳው ላይ ሲያርፍ እንባው ዱብ ዱብ አለ። እሷም «እየሠራ ነው» አለች።

አሁን ከእንግዳ ክፍሉ የቦርሳ ዚፕ ሲዘጋ ተሰማ። ከዚያ ተከፈተ፣ ከዚያ እንደገና ተዘጋ። ባልና ሚስት ሁለቱም ሰምተዋል፣ ሁለቱም ገንፎ ያዩ ነበር። አበራሽ የዓይን ሞራዋን ለማስገፈፍ ሁለት ወር ተራ ጠብቃ ቀጠሮዋ ለሰኞ ደርሷል። ቦኖሻ ከገባች ግን በሰኞው ቀን ማንም እንደማይመልሳት ዕንባቆም ያውቃል፤ እልኳን ያውቀዋል፣ አብሯት አድጎበታል። አንድ ቃል ቢናገር ነገሩ ያልቅ ነበር። ያንን ቃል ግን ከአፉ ለማውጣት የመላው አጥቢያ ሽማግሌዎች ቢጎትቱትም የሚቻል አልመሰለውም። ስለዚህ ሌላ መላ አገኘ። ያንኑ ብልቃጥ የሚመስል አዲስ ብልቃጥ ገዝቶ በቦታው ይመልሳል። ክሬሙ ሙሉ ሆኖ ከተገኘ ሌባ የለም፤ ሌባ ከሌለ ድመትም የለችም። ባዶውን ብልቃጥ በጋዜጣ ጠቅልሎ ኮቱ ኪስ ከተተና «መጣሁ» ብሎ ወጣ። ጵርስቅላ ወዴት ብላ አልጠየቀችውም።

የጁነዲን ሱቅ ገበያው አጠገብ ነው፤ ከልብስ ሳሙና እስከ ሹራብ፣ ከፀጉር ቅባት እስከ ድስት ይሸጣል። ጁነዲን ከወልቂጤ በኩል የመጣ፣ ሆሳዕና ውስጥ ሃያ አምስት ዓመት የነገደ፣ ደንበኛውን በስሙም በሕመሙም የሚያውቅ ሰው ነው። ዕንባቆም ዙሪያውን ካየ በኋላ ጋዜጣውን ፈታና ብልቃጡን ባንኮኒው ላይ አኖረ።

«ይህን የመሰለ አለህ? ለቤት ነው።»

«የዚህ ታላቅ ወንድም አለ ጋሼ» አለ ጁነዲን፣ ከመደርደሪያው ሦስት ብልቃጥ እያወረደ። «ያ ሰባት ቀን ይፈጃል፣ ይሄ በአምስት ቀን ነው። ይህቺ አንደኛ ናት። ይህቺ ደግሞ ከአንደኛ በላይ ናት፣ ስምንት መቶ ሃምሳ።»

ዕንባቆም ከአንደኛ በላይ የሆነችውን አነሳና መነጽሩን አደረገ። ሦስቱን ሳምንት መታጠቢያ ቤት ሲገባ መነጽሩን ሳሎን እየተወ ነበር የሚገባው፤ ብልቃጡን በመነጽር ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው። ፊት ለፊቱ አገላበጠ፣ ጀርባውን አየ፣ ገልብጦ ቂጡን አየ። አንዲት ወተት የመሰለች ሴት ትስቃለች። ከሥሯ በእንግሊዝኛ «ተፈጥሮአዊ» ይላል። ሌላ ነገር የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው እጅ ውስጥ ናት ያለችው፤ የሰው ማመልከቻ በቀን ጉድለት፣ የወረዳ ደብዳቤ በማኅተም መደብዘዝ የመለሰ እጅ ነው የያዛት። ደሙ ፈላ።

«ጁነዲን፣ ይሄን ማን ነው የሠራው?»

«ከውጭ ነው የሚመጣው ጋሼ።»

«ውጭ ሰፊ ነው። መቼ ተሠራ?»

«አዲስ ነው፣ ሐሙስ ነው የገባው።»

«አንተ ጋ የገባበትን አልጠየቅኩህም። የተሠራበት ቀን የለውም፣ ቁጥር የለውም፣ ውስጡ ምን እንዳለ አልተጻፈም፣ የላኪው አድራሻ የለም። ደብዳቤ ቢሆን እመልሰው ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ ጁነዲን። «የእኔን ማመልከቻ ሦስት ጊዜ መልሰውብኛል።»

ዕንባቆም ብልቃጡን ባንኮኒው ላይ መለሰ። አንድ ወረቀት ያለ ቀን ከደጁ አሳልፎ የማያውቅ ሰው፣ ላኪው ያልታወቀ ነገር በገዛ ፊቱ ላይ ሦስት ሳምንት ተቀብሎ ኖሯል። ጁነዲን ደግሞ ጎንበስ ብሎ ከባርኔጣው ሥር ያለውን ፊት በደንብ አየና የሻጭነት ፈገግታው ጠፋ። ሦስቱን ብልቃጦች ቀስ ብሎ ሰበሰበ፣ መደርደሪያው ላይ ሳይሆን ከባንኮኒው ሥር አስገባቸው።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ሰው ይጠይቃል፣ እኔም አመጣለሁ። ልጄ ሱምያ ግን ፋርማሲ ከጀመረች ወዲህ በዚህ ነገር ስትጨቀጭቀኝ ነው የምታመሸው። ማዶ ናት፣ እሷ ጋ ይሻገሩ። ከእኔ ሱቅ መጣሁ ግን አይበሏት።»

ሱምያ በጥቁር ሂጃቧ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ ቀስ ብላ የምታወራ ልጅ ናት። ዕንባቆም ሌላ ደንበኛ እስኪወጣ የጥርስ ሳሙና የሚመርጥ መስሎ ቆየ። ከዚያ ብልቃጡን አወጣ።

«ሰው ልኮኝ ነው» አለ። «ጎረቤቴ ነው። ይህን ሲቀባ ቆይቶ ትንሽ አስቸገረው።»

ሱምያ ብልቃጡን አላየችም፣ ፊቱን ነው ያየችው። ፊቷ ላይ ግን ምንም አልታየባትም። «ጎረቤትዎ ስንት ጊዜ ቀባው ጋሼ?»

«በየቀኑ። ሦስት ሳምንት።»

«ፀሐይ ሲወጣ ያቃጥለዋል?»

«አሁን ራሱ እያቃጠለው ነው።»

ወንበር ሰጠችው። ብልቃጡን ከፍታ አሸተተች፣ ራሷን ነቀነቀች። «ውስጡ ምን እንዳለ እኔም ላውቅ አልችልም፣ አልተጻፈም። ግን እንዲህ በአንድ ሳምንት የሚያቀላ ቅባት ብዙ ጊዜ ኮርቲሶንን የመሰለ ኃይለኛ መድኃኒት ይደባለቅበታል። መጀመሪያ ደስ ይላል፣ ሰው ሁሉ አማረብህ ይላል፤ ከሥር ግን ቆዳውን ያሳሳዋል።» ከዚያ ከመደርደሪያ አንድ ተራ የሰውነት ሎሽን አውርዳ ጀርባውን አዞረችለት። «እስቲ ያንብቡት ጋሼ።»

ዕንባቆም ጣቱን እያስከተለ፣ እንደ ክስ ቻርጅ አነበበው። ውሃ፣ ግሊሰሪን፣ የሚቀጥሉት ሁለቱ ምላስ የሚያስሩ ስሞች፣ ወደ መጨረሻው ሽቶ። ከሥሩ የፋብሪካው ስም፣ አገሩ፣ ምድብ ቁጥር፣ የተሠራበትና የሚያበቃበት ቀን።

«ይሄ ሙሉ ነው» አለ በአክብሮት።

«አጻጻፉ ቅደም ተከተል አለው። ፊት የተጻፈው ብዙ ያለበት ነው፣ እየቀነሰ ይወርዳል። የተቆጣ ቆዳ ያለው ሰው ሽቶ ያለበትን ይተወው። ሃይድሮኪኖን የሚል ካገኙ ሐኪም ካላዘዘ መልሰው ያስቀምጡት። ሜርኩሪ የሚል ካገኙ ጭራሽ አይንኩት፣ እሱ ኩላሊት ነው የሚጎዳው። ትልቁ ችግር ግን መጥፎዎቹ ያስገቡትን አይጽፉም።»

«ገጽ የጎደለው ፋይል ነዋ» አለ ዕንባቆም። «የሚፈራው የጎደለችው ገጽ ናት።»

«እንደሱ ነው። ጎረቤትዎ መቀባቱን ያቁም። ሲያቆመው ለጥቂት ቀን ሊብስበት ይችላል፣ ስለዚህ በዚህ ሳምንት የቆዳ ሐኪም ይየው። ብልቃጡንም ይዞ ይሂድ። እስከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ይታጠብ፣ ሽታ የሌለው ነጭ ቫዝሊን ይቀባ፣ ከፀሐይ ይጠለል። ሎሚና ቅጠላ ቅጠል እንዳያስጠጋበት።»

«ዳማ ከሴ ተደርጎበታል» አለ ዕንባቆም በሐዘን።

«ጎረቤትዎ ነው ያደረገው?»

«ሚስቱ። ምች መታኝ ብሏት።»

ሱምያ ቫዝሊን ልታወጣ ከባንኮኒው ሥር ጎንበስ አለች። ቫዝሊኑ ከፊት የተደረደረ ቢሆንም ለመነሳት ረጅም ጊዜ ወሰደባት፤ ትከሻዋም ይንቀጠቀጥ ነበር። ስትነሳ ዓይኗ እርጥብ ነው፣ ድምፅዋ ግን እንደ በፊቱ ጨዋ። «ቤቱ ውስጥ ሌላ የተቀባው ሰው ካለ እሱም ያቁም። ግን ጋሼ፣ ጎረቤትዎ ምን አስቦ ጀመረው?»

ዕንባቆም ሊመልስ አፉን ከፈተ። ስልኩ ቀደመው።

«የሀኒ አባት» አለች ጵርስቅላ፣ ድምፅዋ ትንሽ ተሰብሯል። «እህትህ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ገበያ ነው ወይ ብላት መልስ አልሰጠችኝም፣ በባጃጅ ወደ መናኸሪያው ሄደች። እኔ እኮ ምንም አላልኳትም። ስለ ድመት ነው ያወራሁት።»

መናኸሪያው በቅዳሜ ገበያተኛ ተጨናንቋል። የቦኖሻው ሚኒባስ ሁለት ሰው ጎድሎት ቆሟል፣ አበራሽ መሐል ወንበር ላይ፣ መስኮት አጠገብ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ዕንባቆም መንገዱን ሙሉ ምን እንደሚላት ሲያሰላ ነው የመጣው። ሐኪሙ ቀጠሮውን አስቀደመው ሊላት አስቦ ነበር፤ ልጅቷ ሀኒ ልትመጣ ነው ሊላትም አስቦ ነበር። ያ ፈዛዛ ዓይኗ በመስኮቱ ወደ እሱ አቅጣጫ ሲዞር ግን ያሰላው ሁሉ ጠፋበት። ሚስጥሩን በምን ቋንቋ እንደሚናገርም ቸገረው። በአማርኛ ቢናገር የሚኒባሱ ሰው ሁሉ አማርኛ ይሰማል። በሀዲይኛ ቢናገር ደግሞ የበለጠ ይሰማል። ባርኔጣውን አወለቀና በሁለት እጁ ያዘው።

«እትዬ፣ ውረጂ» አለ። «ድመቷ እኔ ነኝ።»

ከኋላ ወንበር አንድ ጆሮአቸው የከበደ ሽማግሌ «ምን ነኝ ነው የሚለው?» ብለው ጠየቁ። አጠገባቸው ያለችው ሴት «ድመት ነኝ ነው የሚለው» አለቻቸው።

«ክሬሙን እኔ ነኝ የጨረስኩት» ቀጠለ ዕንባቆም፣ ከጀመረ ወዲህ ማቆም አቅቶት። «ምች አይደለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ የጵርስቅላን ክሬም ፊቴን ስቀባ ነበር። ጠዋት አንቺ ከማዕድ ስትነሺ ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው።»

ከፊት ወንበር አንድ ሰው አንገቱን አዞረ። «አቶ ዕንባቆም የመዝገብ ቤቱ? ተገኘ ነኝ። የይዞታ ማረጋገጫዬን ፎቶው ሰውየውን አይመስልም ብለው የመለሱብኝ» አለና ፊቱን አተኩሮ አየው። ከዚያ በጨዋነት ሌላ ነገር ሳይጨምር ወደ ፊቱ ዞረ።

አበራሽ እጇን በመስኮቱ አወጣች። «ቀረብ በል፣ አይታየኝም» አለች። ጉንጩን በጣቶቿ ዳሰሰች፣ ግንባሩንም፤ ልጅ ሆኖ ትኩሳት ሲይዘው ታደርግ እንደነበረው በእጇ ጀርባ። «እንደ ተቀቀለ ድንች ተላጥክ እኮ» አለች። ከዚያ ግን ያልጠበቀውን አደረገች። ጎንበስ ብላ የላስቲክ ጫማዋን አወለቀችና እግሯን ወደ በሩ በኩል ዘርግታ ተረከዟን አሳየችው። አርባ ዓመት እንሰት ተክል ውስጥ የቆመ፣ ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ የነበረው ተረከዝ ነው። አሁን ስንጥቁ የለም። ለስላሳ ነው፣ ሮዝ ነው፣ ከቀረው እግሯ ጋር የማይተዋወቅ የሌላ ሰው ተረከዝ ነው።

«በመጀመሪያው ቀን ቫዝሊን መስሎኝ ነው» አለች በሹክሹክታ፣ ሚኒባሱ ሁሉ በሚሰማው ሹክሹክታ። «በሁለተኛው ቀን ቫዝሊን እንዳልሆነ ገባኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ስንጥቁ መዝጋት ጀመረ፣ እንዴት ልተወው? ሁለቱንም እግሬን፣ ጠዋትና ማታ። ተሰደብኩ ብዬ የወጣሁ መሰለህ? እውነቷን ስለሆነ ነው የወጣሁት። ሴትየዋ ቁጭ ብላ እውነቷን ስትናገር ምን ብዬ ልቀመጥ?»

ዕንባቆም ከጠዋት ጀምሮ ብቻውን ተሸክሞ የዋለው ወንጀል ከፊሉ የእህቱ ኖሯል። «ተረከዝሽን ያቃጥልሻል?» ብሎ ብቻ ጠየቃት።

«ሲነካው። ደስ የሚል ማቃጠል ነው።»

«ደስ የሚል የለም። የፋርማሲዋ ልጅ ሁሉም ያቁም ብላለች።»

ተገኘ እንደገና ዞረ። «አቶ ዕንባቆም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ወይ እርስዎ ይሳፈሩ ወይ እሳቸው ይውረዱ። አሁንም ሁለት ሰው ነው የሚጎድለን።»

«ሦስት ነው የሚጎድላችሁ» አለች አበራሽ፣ ቦርሳዋን ለወንድሟ እያቀበለች።

ቤት ሲደርሱ ጵርስቅላ ሳሎን፣ የዳንቴል ልብስ የለበሰው ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ከተቀመጠች ብዙ የቆየች ትመስላለች። ዕንባቆም ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ሁሉንም ነገራት፤ ቧንቧውን፣ ምቹን፣ ሱምያ ያለችውን። አበራሽ ምንም ሳትል ጫማዋን አውልቃ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቀለች። ጵርስቅላ መጀመሪያ ተረከዙን አየች፣ ከዚያ የባሏን ፊት፣ ከዚያ ብልቃጡን። አልተቆጣችም። ተነስታ መኝታ ቤት ገባች፣ የመስተዋቱ ቁም ሣጥን ሲከፈት ተሰማ፣ ለረጅም ጊዜ አልወጣችም። ስትወጣ እጇ ጉንጯ ላይ ነበር።

«እኔ ሁለቴ ብቻ ነው የቀባሁት» አለች። «በከፈትኩት ቁጥር ጎድሎ ሳገኘው ተናድጄ፣ የቀረችውን ለሠርጉ ላቆያት ብዬ ተውኩት። ሁለት ሌቦች ባትኖሩ ኖሮ ይሄኔ ክፍል ገብቼ ለልጆች በዚህ ፊት ነበር የማስተምረው።»

መጀመሪያ የሳቀችው አበራሽ ናት፤ እሷ ስትስቅ ጵርስቅላም መቆም አቃታት። ዕንባቆም መሳቅ ፈልጎ ነበር፣ ግን ሲስቅ ቆዳው ይሰነጠቃል፤ በአንድ በኩል ብቻ ሳቀ።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች ጵርስቅላ ሳቁ ሲበርድ። «ያ ንግግር ነውር ነበር።»

«ተረከዜን እያየሽ ምን ይቅር እልሻለሁ» አለች አበራሽ። «ለዚያች ለሸጠችልሽ ሴት ግን ንገሪያት። ሰው ፊቱን አምኖ ነው የሚሰጣት።»

«ሰኞ ከሐኪም ቤት እንደተመለስን እነግራታለሁ።» ጵርስቅላ ወደ ባሏ ዞረች። «እሺ፣ እሳቸው ተረከዛቸው ተሰንጥቆ ነው። አንተ ግን ምን ሆነህ ነው?»

ዕንባቆም ባርኔጣውን በጣቶቹ መሐል አዞረው። አበራሽ ወንድሟን አንድ ጊዜ አየችና፣ ጉልበቷን ጋደም ብላ ማሳረፍ እንደምትፈልግ በሀዲይኛ ተናግራ ወደ ክፍሏ ገባች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።

«ከወር በፊት፣ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ» አለ። «አዲሷ የኳየር ልጅ በሩ ላይ ይዛሽ ስታወራ ነበር። እኔ ከኋላ ጃንጥላሽን ይዤ እየመጣሁ ነው። ‹አባትሽ ናቸው?› አለችሽ። ሰማሁ። አንቺ አልመለስሽም፣ ሳቅሽ። በሀኒ ሠርግ ፎቶ ላይ ከጎንሽ ስቆም፣ አያቷ እንዳልመስል ብዬ ነው።»

ጵርስቅላ ከባሏ በአሥራ ሦስት ዓመት ታንሳለች። ያንን ሁለቱም ሲጋቡ ጀምሮ ያውቁታል፤ አንድም ቀን ግን እንዲህ መሐላቸው ተቀምጦ አይተውት አያውቁም።

«ሳቅኩ?» አለች።

«ሳቅሽ።»

ጵርስቅላ ወደ ጓዳ ሄዳ በሳህን ቀዝቃዛ ውሃና ንጹሕ ጨርቅ ይዛ ተመለሰች። በርጩማውን ወደ እሱ አስጠግታ ጉልበቷ ጉልበቱን እስኪነካ ተቀመጠች፣ አገጩን በሁለት ጣቷ ወደ መስኮቱ ብርሃን ቀና አደረገችው። እንዲህ አድርጋ ካየችው ስንት ዓመት እንደሆነው ዕንባቆም ሊያስታውስ ሞከረና አቃተው። ጨርቁን ነክራ ጨመቀች፣ ከግንባሩ ጀምራ ቀስ እያለች፣ የተላጠውን እየዘለለች፣ እስከ ጉንጩ ወረደች።

«ያቃጥላል?» አለችው።

«አያቃጥልም» አላት።

ያቃጥል ነበር።